የፍሬን ሸራ ምርጫ በገንዳ ውሃ ቁልቁለት

ከጎንደር ተነሥቶ በአይከል በኩል ወደ ገንዳ ውሃና ወደ መተማ የወረደ ጓደኛችን ሁሉ፣ የጭነት መኪና ቁልቁለቱን ሲጨርስ ከጎማው አካባቢ የሚወጣውን የተቃጠለ ሽታ ሳያውቀው አይቀርም። ብዙ ሰው ይህን በቆላው ሙቀት ያመካኛል። በእኛ አስተያየት ግን ቆላው ያለ ጥፋቱ ይከሰሳል።

ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስትሆን መተማ 700 ሜትር ገደማ ናት። ከነጭነቱ 20 ቶን የሚመዝን መኪና 1,400 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 275 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው፤ ይኸውም አራት በርሜል ውሃ ያፈላል። ሞተሩ፣ ነፋሱና መንገዱ ድርሻቸውን ከወሰዱ በኋላ የቀረው ሁሉ ታምቡር በሚባለው ክብ ብረትና ከውስጥ በሚይዘው ሸራ ላይ ይወርዳል። ከዚህ ጋር ሲተያይ የ40 ዲግሪ ፀሐይ ምንድን ናት?

ብረት በብረት ላይ ቢፈተግ ይበላላል፤ ስለዚህ ግማሽ ጨረቃ የመሰለው የፍሬን ብረት ሸራ ይለብሳል። እንግሊዛዊው ኸርበርት ፍሩድ በመጀመሪያ የሠራው ሸራ በእርግጥም ሙጫ የጠጣ የጠጉርና የጥጥ ጨርቅ ነበረ። ጥጥ ግን በግለት ይከስላልና በፈረንጅ አቆጣጠር በ1908 በአስቤስቶስ ተካው። አስቤስቶስ እሳት አይፈራም፤ ብናኙ ግን የሳንባ ነቀርሳ ያመጣል፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከ2005 ወዲህ ፈጽሞ ክልክል ነው። ምንነቱ ያልታወቀ አሮጌ ሸራ የተፈታ እንደሆነ አቧራውን በአየር ግፊት መንፋት አይገባም፤ በውሃ አርሶ መጥረግ ይሻላል።

የዛሬው ሸራ ቃጫ መሰል መስታወት፣ የብረት ብናኝና ሌላም ነገር በሰው ሠራሽ ሙጫ ተጣብቆ የሚሠራ ነው (የመተማን የዕጣን ዛፍ ሙጫ ማለታችን አይደለም)። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ግለቱ ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሲደርስ ሙጫው መበስበስና ጋዝ ማውጣት ይጀምራል፤ ሾፌሩ ፍሬኑን ቢረግጥም መኪናው እንደ ልማዱ አይያዝም። ታምቡሩም ሲግል ይሰፋና ከሸራው ይርቃል። ከብረት ዱቄት ተጋግሮ የሚሠራው ሸራ የበለጠ ግለት ይችላል፤ ነገር ግን ታምቡሩን ይበላል፣ ዋጋውም ከባድ ነው።

እንግዲህ ገዢው በምን ይለይ? በብዙ ሸራ ጠርዝ ላይ ሁለት የላቲን ፊደሎች ታትመው ይገኛሉ። ፊተኛው ሸራው ብዙ ሳይግል፣ ኋለኛው ከጋለ በኋላ ያለውን የሰበቃ ቁጥር ይናገራል። ቁጥሩ 0.4 ነው ማለት በ100 ኪሎ ኃይል ቢጫኑት በ40 ኪሎ ኃይል ይይዛል ማለት ነው። «ዲ» ከ0.15 እስከ 0.25፣ «ኢ» እስከ 0.35፣ «ኤፍ» እስከ 0.45፣ «ጂ» እስከ 0.55 ነው። «ጂ ዲ» የተጻፈበት ሸራ በአዘዞ ሜዳ ላይ ሲሞከር እጅግ ያስደስታል፤ ከአይከል በታች ግን ይከዳል። እኛ «ኤፍ ኤፍ» የተባለውን እንመርጣለን። ፊደሎቹ ስለ ግጭት እንጂ ሸራው ስንት ወር እንደሚያገለግል አይናገሩም፤ እርሱን ባለ ጋራዡን መጠየቅ ነው። የግራና የቀኙም ሸራ አንድ ዓይነት ይሁን፤ አለዚያ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይጎትታል።