ቀርቶ የተመለሰውን ተሳፋሪ ማን ይቁጠረው?

ከግብርና ኤክስቴንሽን ዘጋቢያችን

ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። ከአንድ የገጠር ቀበሌ ወጥተው አስፋልቱ ዳር መኪና ከሚጠብቁት ገበሬዎች መካከል አንዲት እናት ሁለት ዶሮና አንድ ቅል ቅቤ ይዘዋል። አንድ አባት ትኩሳት የያዘውን ልጃቸውን በጋቢ ጠቅልለው ታቅፈዋል። አንድ ወጣት ደግሞ የቲማቲም ሣጥኖቹን ደርድሮ ዛፍ ጥላ ሥር ቆሟል። ከጧቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የደረሰው አውቶቡስ ከመነሻው ሞልቶ ስለነበር ሦስት ሰው ብቻ አሳፍሮ ሄደ። ሁለተኛው ጭራሹን ሳይቆም አለፈ። እናትዮዋ እስከ ስድስት ሰዓት ጠብቀው ዶሮዎቻቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ልጃቸውን የታቀፉት አባት በጭነት ኢሱዙ ላይ ተሳፍረው ሄዱ።

«ተጨማሪ መኪና ይመደብልን ብለን አመልክተን ነበር። በመስመራችሁ ላይ በቂ ተሳፋሪ የለም የሚል መልስ ተሰጠን» ይላሉ የአካባቢው ገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር። «ልጄ፣ አንተ ተምረሃል። ለመሆኑ ተሳፋሪ የለም የሚሉት በምን ቆጥረው ነው?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የሕዝብ ማመላለሻ ድርጅቶች ተሳፋሪያቸውን እንዴት እንደሚቆጥሩ፣ የቆጠሩትንም ለምን ሥራ እንደሚያውሉት ለማኅበር መሪዎች ማስረዳት ነው። የሚቆጠረውን የሚያውቅ የማይቆጠረውንም ለይቶ ማወቅና ማቅረብ ይችላልና።

ከትኬት እስከ ካርድ

እጅግ የቆየው የአቆጣጠር ዘዴ ትኬት ነው። የተቆረጠው ትኬት ሲደመር በዕለቱ ምን ያህል ሰው እንደተሳፈረ ይታወቃል። ሁለተኛው ዘዴ ሰው ማቆም ነው። ቆጣሪው ወረቀትና እርሳስ ይዞ በየፌርማታው የወጣውንና የወረደውን በጭረት ይመዘግባል። ዛሬም ቢሆን ብዙ ከተሞች ይህን ዘዴ አልተውትም።

ሦስተኛው ዘዴ በአውቶቡሱ በር ላይ የሚገጠም የመቁጠሪያ መሣሪያ ነው። ለዓይን የማይታይ ጨረር ይልካል፤ ሰው ሲያልፍ ጨረሩ ስለሚቋረጥ አንድ ብሎ ይመዘግባል። የአውቶቡሱን ክብደት መዝኖ በውስጡ ስንት ሰው እንዳለ የሚገምት መሣሪያም አለ። አራተኛውና በትልልቅ ከተሞች የተስፋፋው ዘዴ የክፍያ ካርድ ነው። ተሳፋሪው አስቀድሞ ገንዘብ የሞላበትን ካርድ በሩ አጠገብ ካለው ማንበቢያ ጋር ሲያነካው ሒሳቡ ይቀነሳል። በዚያው ቅጽበት ሰዓቱና የአውቶቡሱ መስመር ይመዘገባል።

የለንደን ከተማ ኦይስተር የተባለውን ካርድ ሥራ ላይ ያዋለችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። በ2014 ደግሞ በአውቶቡሶቿ ውስጥ ጥሬ ገንዘብ መቀበል አቆመች። ይሁን እንጂ በለንደን አውቶቡስ ካርዱ የሚነካው ሲሳፈሩ ብቻ እንጂ ሲወርዱ አይደለም። ታዲያ ሰውዬው የት እንደወረደ በምን ይታወቃል?

መልሱ ገበሬ በየዕለቱ ከሚያደርገው የማስተዋል ሥራ የራቀ አይደለም። አንድ ሰው ጧት ከሰፈሩ ተሳፍሮ ማታ ከገበያው አጠገብ ቢሳፈር ጧት የወረደው በዚያው በገበያው አካባቢ ነው ብሎ መገመት ይቻላል። ባለሙያዎቹም የካርዱን ቀጣይ መነሻ የቀደመው ጉዞ መድረሻ አድርገው ያሰላሉ። አውቶቡሱ በየሰዓቱ የት እንደነበረ የሚያሳየውን መዝገብም ከዚሁ ጋር ያስተያያሉ። ሆኖም ይህ ግምት ነው። ማታ በሌላ መንገድ ወይም በእግሩ የተመለሰ ሰው ከስሌቱ ያመልጣል።

የደቡብ ኮሪያዋ ሴኡል የተከተለችው ሌላ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2004 የአውቶቡስ አሠራሯን ከሥር መሠረቱ ስትለውጥ ከአውቶቡስ ወደ ባቡር ወይም ወደ ሌላ አውቶቡስ የሚተላለፍ ሰው እንደገና ሙሉ ሒሳብ እንዳይከፍል፣ ይልቁንም በተጓዘው ጠቅላላ ርቀት እንዲከፍል ወሰነች። ይህን ጥቅም ለማግኘት ግን ተሳፋሪው ሲወርድም ካርዱን ማንካት አለበት። በዚህም ምክንያት ሕዝቡ ማንም ሳያስገድደው የወረደበትን ቦታ ያስመዘግባል። መረጃ የሚሰጠው ወገን ራሱ ሲጠቀም መረጃው የተሟላ እንደሚሆን ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ቁጥሩ ለምን ይጠቅማል?

ቁጥሩ በመጀመሪያ ለስምሪት ይጠቅማል። በየትኛው ሰዓት፣ በየትኛው መስመር መኪና እንደሚጨናነቅና የቱ ባዶውን እንደሚሄድ ሲታወቅ ከባዶው ተነሥቶ ለተጨናነቀው መስጠት ይቻላል። ሁለተኛ፣ ፌርማታው የት ይሁን፣ መስመሩስ ይጠምዘዝ ወይስ ይቅና የሚለውን ለመወሰን ያገለግላል።

ሦስተኛው ጥቅም በጀት ነው። በአሜሪካ አገር የአገር አቀፍ የሕዝብ ትራንስፖርት መረጃ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1974 በሕግ የተቋቋመ ሲሆን፣ የከተማ ማመላለሻ ድርጅቶች የተሳፋሪ ቁጥራቸውንና የሥራ ውጤታቸውን በየጊዜው ያስተላልፉለታል። የፌዴራሉ መንግሥት የድጎማ ገንዘብ ሲያከፋፍል ከሚመለከታቸው ነገሮች አንዱ ይኸው መዝገብ ነው። ስለዚህ ቁጥር ተራ ጭረት አይደለም፤ ገንዘብ ነው፣ መኪና ነው፣ ነዳጅ ነው።

በዚህ አቆጣጠር ላይ ልብ ሊባሉ የሚገባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ የሚቆጠረው መሳፈር እንጂ ሰው አይደለም። ሁለት አውቶቡስ ቀይሮ ከተማ የገባ አንድ ሰው ሁለት ሆኖ ይቆጠራል። ሁለተኛ፣ ሁሉንም ጉዞ መቁጠር የማይችል ድርጅት ጥቂት ጉዞዎችን በዕጣ መርጦ ይቆጥራል። በዕጣ የሚሆንበት ምክንያት ቆጣሪው የሚስማማውን ቀን እንዳይመርጥ ነው። የገበያ ቀንን ብቻ የቆጠረ አጋኖ ይናገራል፤ ተራ ቀንን ብቻ የቆጠረም አሳንሶ ይናገራል።

መዝገቡ የማያየው ሰው

ከላይ የተዘረዘሩት ዘዴዎች ሁሉ አንድ የጋራ ጉድለት አላቸው። ትኬቱም፣ ጨረሩም፣ ካርዱም የሚያውቁት የተሳፈረውን ሰው ብቻ ነው። ሞልቶ ያለፈውን አውቶቡስ ቆሞ ያየ ሰው በየትኛውም መዝገብ የለም። ተስፋ ቆርጦ የተመለሰ፣ በእግሩ የሄደ፣ በጭነት መኪና ላይ የተጫነ ሰውም እንዲሁ የለም። መኪና ባልተመደበበት መስመር ደግሞ ተሳፋሪው ሁልጊዜ ዜሮ ነው። «ተሳፋሪ የለምና መኪና አንመድብም» ከተባለ፣ መኪና የለምና ተሳፋሪም አይመዘገብም። እንዲህ ያለው ክርክር እንደ በሬ ዙሪያ ጥምጥም እየዞረ የትም አይደርስም።

ሴኡል ይህ ችግር ገጥሟት እንደነበር ማወቁ ይጠቅማል። ከተማዋ የሌሊት አውቶቡስ ለመጀመር ስታስብ ከእኩለ ሌሊት በኋላ አውቶቡስ ስላልነበረ የካርዱ መዝገብ ስለ ሌሊት መንገደኛ የሚናገረው አልነበረውም። ስለዚህ ሌላ ምስክር ፈለገች። ከአንድ የስልክ ኩባንያ ጋር ሆና በሌሊት የተደረጉ ወደ 3 ቢሊዮን የሚጠጉ የስልክ ጥሪዎች ከየት አካባቢ እንደተነሡና ደዋዮቹ በየትኛው አካባቢ እንደሚኖሩ በጥቅሉ አስጠናች። ሰው በሌሊት የሚበዛበትና ወደ ቤቱ ለመግባት የሚፈልግበት አቅጣጫ በዚህ ተለየ። የሌሊት አውቶቡሶቹም በዚያው መሠረት እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራ ጀመሩ። ያልተሳፈረውን ሰው የቆጠረው የትራንስፖርቱ መዝገብ ሳይሆን ከውጭ የመጣ መዝገብ ነው።

የማኅበሩ ደብተር

ለገጠሩ ያ የውጭ መዝገብ ምን ሊሆን ይችላል? የ3 ቢሊዮን ጥሪ ስሌት አያስፈልግም። አንድ የመስመር ደብተር፣ አንድ እርሳስና አንድ የታመነ ጸሐፊ ይበቃሉ። አሠራሩም እንደሚከተለው ሊሆን ይችላል።

በመጀመሪያ፣ መኪና በሚጠበቅበት ቦታ አንድ ሰው ተመድቦ ቢያንስ ለአራት ተከታታይ ሳምንታት ይመዝግብ። በየሳምንቱ የገበያውን ቀንና ሁለት ተራ ቀኖችን ይያዝ። ተራ ቀኖቹም በዕጣ ይመረጡ።

ሁለተኛ፣ ገጹ አምስት ዓምድ ይኑረው። መኪናው የደረሰበት ሰዓት፣ ሲጠብቅ የነበረ ሰው፣ የተሳፈረ ሰው፣ የቀረ ሰው፣ የቀረው ሰው ሊሄድበት የነበረው ቦታ ይጻፉበት። የቀረው ሰው ቀጣዩን መኪና ሲጠብቅ እንደገና እንዳይቆጠር በቀኑ መጨረሻ ማን በምን እንደሄደና ማን እንደተመለሰ ለብቻው ይጠቃለል። ለምሳሌ በአንድ ቀን 40 ሰው መጥቶ 22 ቢሳፈር፣ 7 በጭነት መኪና ቢሄድና 11 ቢመለስ፣ የመኪናው መዝገብ የሚያውቀው 22ቱን ብቻ ነው። የማኅበሩ ደብተር ግን 18ቱንም ያውቃል።

ሦስተኛ፣ የቀረበት ጉዳይ በአጭሩ ይጻፍ። ሕክምና፣ ገበያ፣ ትምህርት፣ ፍርድ ቤት ብሎ መለየት ይበቃል። ስም መጻፍ አያስፈልግም። ለንደን እንኳ እ.ኤ.አ. በ2016 የባቡር መንገደኞቿን እንቅስቃሴ በእጅ ስልካቸው አማካይነት ለአራት ሳምንታት ስታጠና የስልኮቹን መለያ ቁጥር ለውጣና ሰውራ ነው። የሚፈለገው ስንት ሰው ወዴት እንደሚሄድ እንጂ ማን የት እንደዋለ አይደለም። ሕዝቡ ይህን ሲያውቅ እውነቱን ለመናገር አይፈራም።

አራተኛ፣ ቁጥሩ አይጋነን። የወረዳው የትራንስፖርት ባለሙያ አንድ ቀን መጥቶ ቆሞ ቢቆጥርና 40 የተባለው 15 ሆኖ ቢያገኘው የአራት ሳምንት ድካም በአንድ ጧት ይወድቃል። ይልቁንም ባለሙያው ራሱ መጥቶ አንድ ቀን አብሮ እንዲቆጥር መጋበዙ ይበጃል።

ደብተሩ ሲያልቅ ድምሩ በቃለ ጉባኤ ተይዞና ማኅተም አርፎበት ለወረዳው ይቅረብ። ይህ ሲሆን ማመልከቻው ልመና መሆኑ ቀርቶ ማስረጃ ይሆናል። በእርግጥ ማስረጃ መቅረቡ ብቻ መኪና አይወልድም። የመኪና እጥረት አለ፤ የነዳጅና የመንገድ ችግርም አለ። ቢሆንም «ተሳፋሪ የለም» የሚለው መልስ ከዚያ በኋላ በቀላሉ አይሰጥም።

ሊቀ መንበሩ ይህን ካዳመጡ በኋላ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና የማኅበሩን ጸሐፊ ጠሩት። «የማዳበሪያ ዕደላውን የምትጽፍበት ደብተር ስንት ባዶ ገጽ ቀርቶታል?» ሲሉ ጠየቁት። ጸሐፊው ገልጦ ቆጠረና «አሥራ ሁለት» አላቸው።

«ይበቃል። ከመጪው ቅዳሜ ጀምር። በመጀመሪያው መስመር ላይ ዶሮዎቻቸውን ይዘው የተመለሱትን እናታችንን ቁጠር፤ ስማቸውን ግን አትጻፍ» አሉት።