ነርስ ለመሆን ያሰብሁበት ምክንያትና የሚጠብቀኝ ችግር

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ከሚቀርብለት ጥያቄ ሁሉ የሚበዛው «ወደ ፊት ምን ትሆኛለሽ? ምን ትሆናለህ?» የሚለው ነው። መምህር ይጠይቃል፤ ዘመድ ይጠይቃል፤ ጎረቤትም ቡና ሲጠጣ ይጠይቃል። እኔም ለጠየቀኝ ሁሉ «ነርስ እሆናለሁ» ብዬ ስመልስ፣ አንዳንዱ «እሰየው፣ ጽድቅ ነው» ይለኛል፤ አንዳንዱ ደግሞ «ውጤትሽ ደኅና ሆኖ ሳለ ለምን ሐኪም አትሆኚም?» ብሎ ይገረማል። የመጀመሪያው ነርስነትን እንደ ምጽዋት ያየዋል፤ ሁለተኛው ሐኪም መሆን ላቃተው ሰው የተተወ ሥራ ይመስለዋል። በእኔ አሳብ ሁለቱም ሙያውን በሚገባ አላወቁትም። ስለዚህ ነርስነት ምን ዓይነት ሥራ እንደ ሆነ፣ እኔን ወደዚህ ሙያ የሳበኝ ምን እንደ ሆነ፣ ምን ችግርም እንደሚጠብቀኝ በዚህ በዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ባጭሩ ለመግለጽ አስቤአለሁ።

የነርስ ሥራ ምንድን ነው?

በሀገራችን ማስታመም አዲስ ነገር አይደለም። በየቤቱ እናት ልጅዋን፣ ልጅም አባቱን ያስታምማል፤ ጎረቤትም የታመመ ሰው ቤት ገብቶ ያድራል። ይህ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ነርስ ከቤት አስታማሚ የምትለይበት አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ ይኸውም የምታየውን ነገር በቍጥር መዝግባ፣ የትናንቱን ከዛሬው፣ የጧቱን ከማታው ጋር ማመዛዘንዋ ነው።

ሐኪሙ በሽተኛውን መርምሮ፣ መድኃኒት አዝዞ ወደ ሌላው በሽተኛ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ሌሊቱንም ቀኑንም ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ በተራ የሚገኙት ነርሶች ናቸው። በዕረፍት ላይ ያለ ጤነኛ ጎልማሳ ልቡ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል፤ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ የገላውም ሙቀት ወደ 37 ዲግሪ ይጠጋል። ነርስ እነዚህን ሁሉ በየሰዓቱ ትለካለች፤ ትጽፋለች፤ ሲለዋወጡም ምክንያቱን ትጠይቃለች።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። አንዲት እናት በሰላም ተገላገለች ተብሎ ዘመድ እልል ካለ በኋላ፣ የልብዋ ምት ከ84 ወደ 100፣ ከ100 ወደ 120 ቢወጣ፣ የደም ግፊትዋም ቢወርድ፣ በአልጋው ዙሪያ ያሉት ሰዎች «ደክሟት ነው፣ ትተኛ» ሊሉ ይችላሉ። ነርስዋ ግን እናቲቱ ደም እየፈሰሳት እንደ ሆነ ትጠረጥራለች፤ ወዲያውም ሐኪም ትጠራለች። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ተረት በሌላ ቦታ ክፉ ሰው ለመጠበቅ ይነገር ይሆናል፤ በሆስፒታል ግን የነርስ የዘወትር መመሪያ ሊሆን የሚገባው ነው።

ርኅራኄ ብቻውን አይበቃም

ብዙ ሰዎች «ነርስ ለመሆን የሚያስፈልገው የራራ ልብ ነው» ይላሉ። ልበ ደረቅ ሰው ወደዚህ ሥራ ባይገባ ይሻላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን የራራ ልብ ብቻውን ሰው እንደማያድን ታሪክ ያስተምረናል። በ1847 እ.ኤ.አ. በቪየና ከተማ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ዜመልቫይስ የሚባል ሐኪም ይሠራ ነበር። እርሱ በሚሠራበት የማዋለጃ ክፍል በሚያዝያ ወር ከ100 እናቶች 18 ያህሉ በወሊድ ትኵሳት ሞቱ። በዚያ ክፍል የሚሠሩት ሰዎች ለእናቶቹ አይራሩም ነበር ለማለት አይቻልም። ሞቱ የቀነሰው ግን ዜመልቫይስ ማንም ሰው እናቶቹን ከመንካቱ በፊት እጁን በክሎሪን ውኃ እንዲታጠብ ባዘዘ ጊዜ ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ የሚሞቱት ከ100 ወደ 2 ያህል ወረዱ። ዛሬም እጅን በሳሙናና በውኃ ከ40 እስከ 60 ሴኮንድ መታጠብ ከነርስ ተግባር ሁሉ የሚቀድም ነው።

ፍሎረንስ ናይቲንጌልም የምትታወቀው መብራት ይዛ በቍስለኞች መካከል በመዘዋወርዋ ነው፤ ነገር ግን ትልቁ ሥራዋ በብዕርና በወረቀት የሠራችው ነው። በ1820 እ.ኤ.አ. ከሀብታም ቤተ ሰብ ተወልዳ፣ ወላጆችዋ ነርስነትን ለጨዋ ልጅ የማይገባ ሥራ ነው ብለው ቢቃወሟትም ከአሳብዋ አልተመለሰችም። በ1854 እ.ኤ.አ. በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ 38 ሴቶችን ይዛ በኢስታንቡል አጠገብ ወደሚገኘው ወደ ስኩታሪ የጦር ሆስፒታል ሄደች። በዚያም ከወታደሮቹ የሚበዙት የሚሞቱት በጥይት ቍስል ሳይሆን በተስቦ፣ በኮሌራና በተቅማጥ መሆኑን ቍጥር ሰብስባ፣ በሥዕል አስደግፋ ለመንግሥትዋ አስረዳች። በ1860 እ.ኤ.አ. በለንደን በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት አቋቋመች። የልደትዋ ቀንም የዓለም የነርሶች ቀን ሆኖ ይከበራል።

ከሀገራችን ደግሞ ልዕልት ፀሐይን መጥቀስ ይገባኛል። ልዕልት ፀሐይ ከአባታቸው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር በስደት በእንግሊዝ ሀገር ሳሉ፣ በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ትምህርት ተማሩ። የንጉሠ ነገሥት ልጅ ሆነው ሳለ የሕፃናትን ገላ ማጠብንና የበሽተኛ አልጋ ማንጠፍን አልናቁም። ወደ ሀገራቸው ከተመለሱ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ገና በወጣትነታቸው ዐረፉ። በስማቸውም በአዲስ አበባ መታሰቢያ ሆስፒታል ተሠራ፤ ይህም ሆስፒታል ኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተብሏል። እንዲሁም በ1954 እ.ኤ.አ. በጎንደር የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከጤና መኮንኖች ጋር የኅብረተሰብ ነርሶችን እያሠለጠነ፣ በየገጠሩ በጋራ እንዲሠሩ ያሰማራ ነበር።

የመረጥሁበት ምክንያት

ምክንያቶቼ ሦስት ናቸው።

አንደኛው በዐይኔ ያየሁት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አያቴ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሎ ለብዙ ሳምንታት በሆስፒታል ተኙ። የሚጠይቃቸው ዘመድ ሁሉ ከንፈሩን እየመጠጠ «አይዞዎት፣ እግዜር ይማርዎት» ብሎ ይሄድ ነበር። አንዲት ሲስተር ግን በየሁለት ሰዓቱ እየመጡ «እማማ፣ አሁን ደግሞ በዚህ ጎን ዞር እንበል» ይሏቸዋል። አያቴ «ተይኝ ልጄ፣ አትንኪኝ» ቢሉም ሲስተርዋ እያባበሉ ያዞሯቸዋል፤ ጀርባቸውንና ተረከዛቸውን ያያሉ፤ አንሶላው እንዳይጨማደድ ይወጥራሉ። ስለ ምን እንደዚህ እንደሚያደርጉ ብጠይቃቸው እንዲህ ሲሉ አስረዱኝ፤ ሰው በአንድ ጎኑ ብቻ ሲተኛ አጥንቱ ሥጋውን ይጫነዋል፤ የተጫነውም ሥጋ ደም ስለማይደርሰው ይሞታል፤ ከዚያም የአልጋ ቍስል ይወጣል። አያቴ አንዲት ቍስል ሳትወጣባቸው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ እውነተኛ ርኅራኄ ማለት በሽተኛው ቢቈጣም እንኳ የሚጠቅመውን ነገር በሰዓቱ ማድረግ መሆኑን ተረዳሁ።

ሁለተኛው ምክንያት የሀገር ጉዳይ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ በዓለም ላይ 28 ሚሊዮን ያህል ነርሶች እንዳሉና 5.9 ሚሊዮን ያህል እንደሚጐድሉ ገልጿል፤ ከሚጐድሉትም የሚበዙት እንደኛ ባሉት ሀገሮች ነው። ከዋና ከተማ ርቆ በሚገኝ ጤና ጣቢያ ሐኪም ላይኖር ይችላል፤ በሽተኛው ከበር ሲገባ የምትቀበለው ነርስ ናት። ልጅዋ ተቅማጥ ይዞት ለመጣች እናት ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ እንዴት እንደሚበጠበጥ የምታሳያትም እርስዋው ናት።

ሦስተኛው ምክንያት የምወደው ትምህርት ነው። ነርስነት የስሌትና የሳይንስ ሥራ መሆኑን ብዙዎቻችን አናስበውም። አንድ ሊትር ግሉኮስ በ8 ሰዓት ውስጥ እንዲገባ ታዘዘ እንበል። የቱቦው 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ቢሆን፣ በጠቅላላው 20,000 ጠብታ አለ ማለት ነው። 8 ሰዓት 480 ደቂቃ ስለ ሆነ፣ 20,000 ለ480 ሲካፈል በየደቂቃው 42 ጠብታ ያህል ይደርሳል። ነርስዋ ሰዓትዋን እያየች ጠብታውን ትቈጥራለች። ቢፈጥን ልብንና ሳንባን ያስጨንቃል፤ ቢዘገይም በሽተኛው የሚያስፈልገውን ያህል አያገኝም። የሒሳብ መምህራችን ሲያስተምሩን «ይህ ምን ያደርግልናል?» የምትሉ ጓደኞቼ ይህን ልብ በሉልኝ።

የሚጠብቀኝ ችግር

ከዚህ በላይ ያለውን ብቻ ጽፌ ብተው አንባቢን ማታለል ይሆንብኛል። የዚህ ሙያ ችግር ብዙ ነው።

በመጀመሪያ የሌሊት ተራ አለ። ሰው ሁሉ ሲተኛ መንቃት፣ ሌላው በዓል ሲያከብር ሥራ መግባት ግድ ነው። የፋሲካ ሌሊትም ሆነ የኢድ ቀን በሽታ አያርፍም። ሁለተኛው በሽታ ራሱ ነው። በስሕተት የወጋ መርፌ ወይም የሚያስል በሽተኛ ነርስዋንም ሊያሳምም ይችላል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በሀገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ 19 በሽተኛ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ፣ ሌላው ሰው ቤቱ እንዲቀመጥ ሲመከር ነርሶች ወደ ሥራቸው ይሄዱ ነበር።

ሦስተኛው የደመወዝ ነገር ነው። ደመወዙ ከድካሙ ጋር ስለማይመጣጠን፣ ተምረው ከወጡት ውስጥ ወደ ዓረብ ሀገርና ወደ አሜሪካ መሄድን የሚመኙ ጥቂት አይደሉም፤ ልፈርድባቸውም አልደፍርም። አራተኛው ኀዘን ነው። የተቻለው ሁሉ ተደርጎ በሽተኛው ሊሞት ይችላል፤ ነርስዋም የሟቹን ዐይን ከድና፣ ፊትዋን ታጥባ፣ የሚቀጥለውን በሽተኛ «እንደምን አደሩ?» ማለት አለባት። አምስተኛው የሰው ንቀት ነው። ነርስን እንደ ቤት አሽከር የሚያዝዝና ወረፋ ሲረዝምበት የሚሳደብ ሰው አለ።

ለእነዚህ ችግሮች ሁሉ መድኃኒት አለኝ አልልም። ይሁን እንጂ አስቀድሞ ማወቁ ግማሽ መፍትሔ ነው። በርኅራኄ ብቻ የገባ ሰው የመጀመሪያው ስድብ ያባርረዋል፤ ሥራው ምን እንደ ሆነ አውቆ የገባ ግን ይቈያል ብዬ አምናለሁ።

ከአባቴ ጋር የተነጋገርነው

በቤታችን ይህ ነገር ገና አላለቀም። አባቴ «ልጄ፣ ይህን ያህል ደክመሽ ተምረሽ የሌላ ሰው ትእዛዝ ፈጻሚ ልትሆኚ ነውን?» አሉኝ። የሚሉት ለእኔ ክብር ተቈርቍረው ስለ ሆነ ነገራቸውን አልናቅሁትም። ነገር ግን እንዲህ ስል መለስሁላቸው፤ «ነርስ ትእዛዝ ትፈጽማለች፤ ዝም ብላ ግን አትፈጽምም። የመድኃኒቱ መጠን ከሚገባው በላይ ሆኖ ካየችው ከመስጠትዋ በፊት ተመልሳ ሐኪሙን ትጠይቃለች፤ ከሰጠችም በኋላ ስምዋን ትፈርማለች። ሐኪምና ነርስ እንደ ሁለት እጅ ናቸው፤ አንዱ ለሌላው አሽከር አይደለም።» አባቴ ጥቂት ዝም ብለው «እስቲ እናስብበት» አሉኝ። ገና እሺ አላሉኝም፤ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ የምንሞላበት ጊዜ ግን እየደረሰ ነው። ይህን ጽሑፍ እንደሚያነቡት አውቃለሁ።

ለጓደኞቼና ለወላጆች

ነርስ ለመሆን የምታስቡ ጓደኞቼ፣ ሴቶችም ወንዶችም፣ አስቀድማችሁ ራሳችሁን ሦስት ነገር ጠይቁ። የምጀምረውን ነገር ማንም ሳያየኝ በሰዓቱ እፈጽማለሁን? ሰው ሲቈጣኝ ሳልቈጣ መመለስ እችላለሁን? ያላወቅሁትን ነገር «አላውቅም» ብዬ መጠየቅ አላፍርምን? ወንዶች ልጆችም ይህ የሴት ሥራ ነው ብላችሁ አትሽሹ፤ በሀገራችን ሆስፒታሎች ወንዶች ነርሶች በብዛት ይሠራሉ፤ በሽተኛም የሚፈልገው የሚያነሣው ክንድና የሚያስተውል ዐይን ነው።

ወላጆቻችንም ልጆቻችሁ የመረጡትን ሙያ ከመቃወማችሁ በፊት፣ ሙያው ምን እንደ ሆነና ለምን እንደ መረጡት ጠይቋቸው። ያለ ምክንያት የመረጠ ልጅ መልስ ያጣል፤ አስቦ የመረጠ ግን ያስረዳችኋል። ሀገራችን በሽታ መርምሮ የሚያውቅላት ሐኪም ትፈልጋለች፤ እንዲሁም ሐኪሙ ካለፈ በኋላ ከአልጋው አጠገብ ሆኖ እየቈጠረ የሚጠብቅላት ሰው ትፈልጋለች። እኔ ከሚጠብቁት አንድዋ ለመሆን ቈርጫለሁ።