ማዘዣውን ማን ቀየረው?

ከሰንጋ ተራ የባንክና የኢንሹራንስ ሕንፃዎች ተነስቶ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለመድረስ በእግርም ቢሆን ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ማዘዣ ይዞ ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት ለሚዞር የስኳር ሕመምተኛ ግን ያው መንገድ ግማሽ ቀን ሊወስድ ይችላል። ፍለጋው ከሆስፒታሉ ፋርማሲ ይጀምራል። እዚያ ከሌለ ከነማ መድኃኒት ቤት፣ ከነማ ከሌለ የቀይ መስቀል፣ ከዚያ የግሉ። በመጨረሻው መስኮት ላይ «ይኼኛው የለም፤ ተመሳሳዩን ልስጥዎት?» ይባላል። ሰውየው ደክሞታል፤ እሺ ይላል። መድኃኒቱ በዚህች ቅጽበት ተቀየረ። ሐኪሙ አላወቀም፣ የሕክምና ካርዱ ላይም አልሰፈረም።

መድኃኒት መቀየር በራሱ ጥፋት አይደለም። እንዲያውም ከስኳር ጋር ረጅም ዕድሜ የሚኖር ሰው ሳይቀይር የሚዘልቅበት ጊዜ ጥቂት ነው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1977 ተጀምሮ በ1998 ዋና ውጤቱ የታተመው ትልቅ ጥናት እንዳሳየው፣ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለበት ሰው በሽታው በታወቀበት ዕለት ኢንሱሊን የማመንጨት አቅሙ ግማሽ ያህሉን አጥቷል። ከ9 ዓመት በኋላ በአንድ መድኃኒት ብቻ ስኳራቸው በሚፈለገው ልክ የቆየላቸው ታካሚዎች ከአራት አንድ ገደማ ነበሩ። «ኪኒኑን ሰውነቴ ለመደው» የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። የለመደ ሰውነት የለም፤ የደከመው ቆሽት ነው። ይህን በወቅቱ የሚነግራቸው ቢያገኙ ብዙዎች «ምን በልቼ ነው?» እያሉ ራሳቸውን ባልወቀሱ ነበር።

አብዛኛው ታካሚ የሚጀምረው በሜትፎርሚን ነው። ርካሽ ነው፣ ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች አያወርድም ማለት ይቻላል። ክፋቱ ሆድ ላይ ነው። ተቅማጥና ማቅለሽለሽ የያዘው የቢሮ ሠራተኛ ስብሰባ እያቋረጠ መውጣት ሲያሳፍረው ኪኒኑን ዝም ብሎ ይተወዋል፤ በቀጠሮው ቀን ግን «እየወሰድኩ ነው» ይላል። ሐኪሙም በሰማው ላይ ተመሥርቶ ሌላ ይጨምርለታል። በትንሽ መጠን ጀምሮ፣ ከምግብ ጋር እየወሰዱ ቀስ በቀስ ከፍ ማድረግ ግን ብዙውን ጊዜ ሆድን ያስታግሣል። ኩላሊት በጣም ሲደክም ሜትፎርሚን ይቋረጣል፤ ይህኛው ለውጥ ተገቢ ነው፣ ምክንያቱ ካልተነገረ ግን ታካሚው ቤቱ የተረፈውን እሽግ መዋጡን ሊቀጥል ይችላል።

ግሊቤንክላማይድ ሌላ ጉዳይ ነው። ይህ ኪኒን ተበላም አልተበላም ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያፈስ ያስገድደዋል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ምእመን ወይም በረመዳን ቀኑን ሙሉ የሚጾም ሰው ጠዋት ውጦት ቢወጣ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ከዚያም ራስን መሳት ሊከተል ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ላይ በግሊክላዛይድ ተክቶታል፤ ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት ላለፈ ሰዎችም እንደማይመከር ገልጿል። በአገራችን ግን ከዚያ በኋላም ለዓመታት ዋነኛ ኪኒን ሆኖ ዘልቋል። እናቶቻችንና አባቶቻችን መፍትሔውን ራሳቸው አበጁ፤ በጾም ቀን ይዘሉታል፣ ለሐኪም ግን አይናገሩም። ጾማቸውን የሚያስተዋቸው ስለሚመስላቸው ነው። ጥያቄው ከሐኪሙ ቢመጣ ኖሮ ሰዓቱን ማሸጋገር ወይም ኪኒኑን መቀየር ይቻል ነበር።

ከኪኒን ወደ ኢንሱሊን የሚደረገው ሽግግር ከሁሉም ይከብዳል። «መርፌ ከተጀመረ አበቃ» የሚለው ወሬ ከየሠፈሩ አይጠፋም። መነሻው ይገባኛል፤ ጎረቤቱ መርፌ በጀመረ በዓመቱ እግሩ ሲቆረጥ ያየ ሰው ጥፋቱን በመርፌው ላይ ያሳብባል። እግሩን የጎዳው ግን መርፌው ሳይጀመር ያለፈው ዘመን ነው።

መርፌውን የተቀበለውም ቢሆን ከመደናገር አያመልጥም። ፈጥኖ የሚሠራው ኢንሱሊን ጥርት ያለ ነው፤ ዘግይቶ የሚሠራው ኤንፒኤች ይደፈርሳል፤ 70/30 የሚባለው ድብልቅም እንዲሁ ድፍርስ ነው። ኤንፒኤች ሲወስድ የኖረ ሰው «ያው ኢንሱሊን ነው» ተብሎ ድብልቁን ቢቀበልና በድሮው ዩኒት ቢወጋ፣ ከመጠኑ ሠላሳ በመቶው በፍጥነት ይሠራበታል። መርፌው ራሱም ይለያያል። በሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ያለውን ኢንሱሊን ለባለ 40 ዩኒት ኢንሱሊን በተሠራ መርፌ የሚቀዳ ሰው ካሰበው ሁለት ተኩል እጥፍ ይወጋል።

ከዚያ ገንዘቡ አለ። ኢንሱሊን ከባሕር ማዶ የሚገባ ነው። መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ደመወዝ አብሮት አልዘለለም። የመንግሥት ፋርማሲ መደርደሪያ ሲራቆት የሚቀረው የግሉ ነው፤ እዚያ ደግሞ ታካሚው የሚገዛው ሐኪሙ ያሰበለትን ሳይሆን ኪሱ የፈቀደለትን ነው። አንዳንዱ አሜሪካ ካለች እህቱ በሻንጣ የተላከለትን ኤምፓግሊፍሎዚን የተባለ የስኳር ኪኒን ጥቂት ወራት ይወስድና ሲያልቅ ወደ ቀድሞው ኪኒን ይመለሳል። መድኃኒቱ መልካም ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ከ2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መድኃኒቱ ያለበትን ምድብ በዝርዝሩ አስገብቶታል። በሻንጣ የሚመጣ ሕክምና ግን ክትትል የለውም። ችግሩ የእኛ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 ኖቮ ኖርዲስክ ለደቡብ አፍሪካ የሰው ኢንሱሊን እስክሪብቶ ማቅረቡን ሲያቆም ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን አደባባይ ወጥቶ ተቃውሟል። እዚያም ታካሚዎችን ከእስክሪብቶ ወደ ብልቃጥና መርፌ የመለሳቸው የፋብሪካ ውሳኔ እንጂ የሐኪም አልነበረም።

ስለ ጸበልና ስለ ባህል መድኃኒት መጻፍ ያስፈራል፤ ግን ዝም ማለት አይገባም። ሽፈራውን በሻይ መጠጣትም ሆነ ጸበል መጠመቅ የእምነትና የምርጫ ጉዳይ ነው። በኢንሱሊን ላይ ደርቦ ማድረግና ኢንሱሊንን ጥሎ መሄድ ግን ፈጽሞ አይገናኙም። የመጀመሪያው ዓይነት ስኳር ያለበት ልጅ ኢንሱሊን ካቆመ በቀናት ውስጥ ደሙ በአሲድ ተመርዞ ሊሞት ይችላል።

አሠራርን ማስተካከል ግን ይቻላል። በጎንደር ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው የስኳር ክትትልን ከሆስፒታል ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ሲያወርዱ፣ ከሩቅ በእግር ይመጣ የነበረው ገበሬ በአቅራቢያው በነርስ መታየት ቻለ። በሰንጋ ተራ ግን ርቀት ችግሩ አይደለም። የጎደለው ሐኪሙንና የመድኃኒት ቤቱን መስኮት የሚያገናኝ አንድ መስመር ጽሑፍ ነው፦ ምን ተቀየረ፣ ለምን፣ በስንት ዩኒት። ይህን መጻፍ የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም፤ ፋርማሲስት ካርዱ ላይ ሳይጽፍ እንዳይለውጥ ማስገደድም እንዲሁ።

እስከዚያው አንባቢ ሆይ፣ ባዶውን ብልቃጥ ወይም የኪኒኑን እሽግ ይዘው ይሂዱ፤ አዲሱን ከአሮጌው ጋር አስተያይተው ስሙ ከተለየ ሳይጠይቁ አይውሰዱ። ኢንሱሊን የለም ከተባሉ ደግሞ ቀጠሮዎን አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ወደ ክሊኒኩ ይመለሱ።