ስለ ከረጢት ገመድ

ልጆች ሆይ፤ ሽምብራ ወይም ቆሎ የሚይዝ ትንሽ ከረጢት ለመስፋት ብዙ ጨርቅ አያስፈልግም፡፡ በአዳማ ከተማ ልብስ ሰፊዎች በሚሠሩበት በረንዳ ላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ ይወድቃልና፤ በትሕትና ለሚጠይቅ ልጅ ብዙዎቹ አይከለክሉትም፡፡ የሚያስቸግረው የከረጢቱን አፍ ስቦ የሚዘጋው ገመድ ነው፡፡ ጨርቁን ያለ ዋጋ ላገኘ ልጅ ከሱቅ የሚገዛው ገመድ ከከረጢቱ ሁሉ ውድ ክፍል ይሆንበታል፡፡

እንግዲህ በርካሽ ከወዴት ይገኛል? ከእንሰት ተፍቆ የሚወጣው ቃጫ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ሻካራ ስለ ሆነ ስስ ጨርቅን እየፈገፈገ ይበላል፡፡ ጆንያ ለማሰር እንጂ ለዚህ ሥራ አልመርጠውም፡፡ ሲባጎም ይሆናል፡፡ ከሁሉ የሚረክሰው ግን የዱቄትና የስኳር ጆንያ አፍ የተሰፋበት ክር ነው፡፡ በአዳማ አጠገብ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የስኳር ጆንያ ለዚያ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፡፡

የጆንያ አፍ ስፌት ሰንሰለት ይመስላል፤ አንዱ ቀለበት ሌላውን ይይዛል፡፡ ስለዚህ ከትክክለኛው ጫፍ ቢስቡት ክሩ ሁሉ ሳይበጠስ ይፈታል፤ ከሌላው ጫፍ ቢስቡት ግን ይጠብቃል እንጂ አይፈታም፡፡ ባለቤቱን ሳታስፈቅዱ ከቶ አትምዘዙ፤ አፉ የተፈታ ጆንያ እህሉን ያፈሳልና፡፡

ነጠላው ክር ቀጭን ስለ ሆነ መገመድ አለበት፡፡ የከረጢቱ አፍ ዙሪያ 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፥ ለመቋጠሪያ 20 ጨምሩበት፤ 80 ይሆናል፡፡ ገመዱ ስለሚታጠፍ እጥፉን 160 ያዙ፤ ሲገመድ ደግሞ ያጥራልና 2 ሜትር ቁረጡ፡፡ እንዲህ ያሉ አራት ክሮችን አንድ ላይ አድርጋችሁ አንዱን ጫፍ ከሚስማር ላይ እሰሩ፤ ሌላውን ጫፍ በእንጨት ይዛችሁ ወደ አንድ ወገን ብቻ አክርሩ፡፡ ክሩ ሲላላ በራሱ መጠምዘዝ ከጀመረ በቅቶታል፡፡ አሁን መካከሉን ይዛችሁ እጠፉት፤ ጓደኛችሁ ቢረዳችሁ ይሻላል፡፡ ሁለቱን ጫፎች አንድ ላይ ይዛችሁ መካከሉን ብትለቁት፥ ሁለቱ እኩሌታዎች በተቃራኒው ወገን እርስ በርሳቸው ይጠመጠማሉ፡፡

ይህ ስለ ምን ይሆናል? እያንዳንዱ እኩሌታ የከረረበትን ሊፈታ ይሻል፤ ሊፈታ ሲሞክር ግን በጓደኛው ላይ ይጠመጠማል፡፡ የአንዱ መፍታት የሌላው ማሰር ስለ ሆነ ሁለቱም ጸንተው ይቆማሉ፡፡ የመርከብ ወፍራም ገመድም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው፡፡

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፡፡ ለታናናሽ ወንድሞቻችሁና እኅቶቻችሁ በምትሰፉት ልብስ አንገት ላይ እንዲህ ያለ ገመድ አታግቡ፡፡ ገመዱ በጨዋታ ጊዜ ከበር ወይም ከዛፍ ቅርንጫፍ ተይዞ ልጅን ሊያንቅ ይችላል፤ በአውሮፓ አገሮችም የትንንሽ ልጆች ልብስ በአንገቱ በኩል ገመድ እንዳይኖረው ደንብ ወጥቷል፡፡ ለአንገት ቁልፍ ይበቃል፡፡

ገመዱን ወደ ከረጢቱ ለማስገባት የጨርቁን አፍ አጥፋችሁ ስፉ፤ ጣት የሚያስገባ ያህል መንገድ ተዉለት፡፡ በገመዱ ጫፍ ላይ መርፌ ቁልፍ ሰክታችሁ በመንገዱ ውስጥ በጣታችሁ እየገፋችሁ አዙሩት፡፡ በሌላ ወገን ሲወጣ ሁለቱን ጫፎች አንድ ላይ ቋጥሩ፤ ቋጠሮው ከቀዳዳው የሚበልጥ ይሁን፥ ያለዚያ ገመዱ ወደ ውስጥ ሾልኮ እንደ ገና ትጀምራላችሁ፡፡