የሽንት ጠጠርን የሚያያይዘው ምንድን ነው?



በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ስለ ሽንት ጠጠር ከገበሬዎች ጋር በተነጋገርሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ «ጠጠሩ ከጤፍ ጋር የበላነው አሸዋ ነውን?» የሚል። አይደለም። የተዋጠ አሸዋ በአንጀት አልፎ ይወጣል እንጂ ወደ ኩላሊት መንገድ የለውም። ጠጠሩን የሚሠራው የገዛ ሰውነታችን ነው።

በሽንት ውስጥ ውኃ ሲያንስ፣ ካልሲየምና ኦክሳሌት ሽንቱ ሊያሟሟቸው ከሚችለው በላይ ይሆኑና ረቂቅ ክሪስታሎች ይሠራሉ። ከጠጠሮች አብዛኞቹ የዚህ ዓይነት ናቸው። ሽንት እጅግ አሲዳማ ሲሆን ደግሞ የዩሪክ አሲድ ጠጠር ሊፈጠር ይችላል።

ነገር ግን ክሪስታል ብቻውን ጠጠር አይደለም፤ በጤነኛ ሰው ሽንት ውስጥም ይገኛል፣ ታጥቦም ይወጣል። በካልሲየም ጠጠር ውስጥ ክሪስታሎቹን ሸፍኖና አያይዞ የምናገኘው ኦርጋኒክ ክፍል ነው፤ ከክብደቱ ከመቶ 2 እስከ 3 እጅ ቢሆን ነው። የዚህም ሁለት ሦስተኛው ገደማ ፕሮቲን ሲሆን በቀሪው ስኳሮች፣ ቅባቶችና ውኃ ይገኛሉ። ማዕድኑ በኬሚካል ተሟሙቶ ቢወጣ እንኳ ይህ ስስ አጽም የጠጠሩን ቅርጽ እንደያዘ ይቀራል። ለምርጊት በሚቦካ ጭቃ ውስጥ እንደሚገባው ጭድ ነው፤ በክብደት ጥቂት፣ በሥራው ግን ብዙ።

የሚያስደንቀው ከነዚህ ፕሮቲኖች አንዳንዶቹ ጠባቂዎቻችን መሆናቸው ነው። ኩላሊት የሚያመነጨው ዩሮሞዱሊን ክሪስታሎች እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ይከላከላል፤ ሽንት ሲጠናና አሲዳማ ሲሆን ግን ራሱ ስለሚጓጉል ጥበቃው ይዳከማል። ስለዚህም ኦርጋኒኩ ክፍል ጠጠሩን የሚያስጀምር ነው ወይስ ክሪስታል ካደገ በኋላ የሚለጠፍ የሚለው ክርክር አልተዘጋም።

ክርክሩ ባይዘጋም የመከላከያው መንገድ ግልጽ ነው። በርበሬ ሲለቀም፣ ጤፍ ሲታጨድ ፀሐይ ላይ የሚውል ሰው ውኃው በላብ ያልቃል፤ ሽንቱ የጠጅ መልክ ከያዘ ውኃ አንሶታል። ጠጠር የያዘው ሰው ሐኪም ካልከለከለው በቀን ቢያንስ 2.5 ሊትር ሽንት እንዲሸና የሚያደርግ ውኃ ይጠጣ። «ካልሲየም አለበት» ብሎ ወተትን አይተው፤ በምግብ የሚገኝ ካልሲየም ኦክሳሌትን በአንጀት ይዞ ያስወጣል። የጎን ውጋት ከትኩሳት ጋር ከመጣ ግን ቀጠሮ የማይሰጠው ነው፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያሻል።