የአፍሪቃን ፔንግዊን ሳይጐዱ ስለ መመልከት

ፔንግዊን የሚባለው የባሕር ወፍ ክንፍ አለው፤ ዳሩ ግን አይበርም። ክንፉ እንደ መቅዘፊያ ሆኖ በውሃ ውስጥ ያስኬደዋል እንጂ ወደ አየር አያነሣውም። ብዙ ሰው ይህ ወፍ በበረዶ አገር ብቻ የሚገኝ ይመስለዋል። ነገር ግን ከወገኖቹ አንዱ፣ የአፍሪቃ ፔንግዊን የሚባለው፣ በደቡብ አፍሪቃና በናሚቢያ ጠረፍ ይኖራል፤ ከእነዚህም ከሁለቱ አገሮች በቀር በሌላ ስፍራ እንቍላሉን አይጥልም። ቁመቱ ከ60 እስከ 70 ሳንቲሜትር፣ ክብደቱም 3 ኪሎ ያህል ነው። ጀርባው ጥቍር፣ ሆዱ ነጭ ነው። ድምፁም የአህያን ጩኸት ስለሚመስል ሰዎች በአህያ ስም ሲጠሩት ኖረዋል።

በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ (በዚህ ጽሕፈት ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) የዚህ ወፍ ቍጥር ከአንድ ሚሊዮን ይበልጥ እንደ ነበረ ይገመታል። በ2023 ግን የሚራቡት ከ10,000 ጥንድ ያነሱ ሆነው ተገኙ። ስለዚህም በ2024 ሊጠፉ እጅግ ከተቃረቡት ፍጥረቶች መካከል ተቈጠረ።

ወደዚህ ያደረሰውም ምክንያት ብዙ ነው። አስቀድሞ ሰዎች እንቍላሉን ለመብል ይሰበስቡ ነበር፤ ይህም የቀረው በ1967 ነው። ደግሞ ወፎቹ ጐጆአቸውን የሚቈፍሩበትን፣ ጓኖ የሚባለውን የብዙ ዘመን የወፍ ኵስ፣ ለእርሻ ማዳበሪያ ብለው ጠርገው ወሰዱት። ከዚህ የተነሣ ወፎቹ በገላጣ መሬት ላይ ለፀሐይና ለነጣቂ ተጋለጡ። በሰኔ ወር 2000 ደግሞ ትሬዠር የሚባል መርከብ በኬፕ ታውን አጠገብ ሰጥሞ ዘይቱ በባሕሩ ላይ ፈሰሰ። 19,000 ያህል ፔንግዊኖች በዘይት ተነከሩ፤ ብዙ ሰዎችም በፈቃዳቸው ተሰብስበው አንድ በአንድ እያጠቡ አብዛኞቹን አዳኑአቸው። ዛሬ ከሁሉ የሚከፋው ችግር የምግብ ማጣት ነው። ሰርዲንና አንቾቪ የተባሉት ትንንሽ ዓሦች፣ ከፊሉ በዓሣ አጥማጆች ተወስዶ፣ ከፊሉም ወደ ሌላ ስፍራ ሸሽቶ፣ ወፎቹ በሚኖሩበት አቅራቢያ ጐደሉ። ስለዚህ በመጋቢት 2025 የደቡብ አፍሪቃ ፍርድ ቤት በስድስት መራቢያዎች ዙሪያ እነዚህን ዓሦች በመርከብ ማጥመድ ለ10 ዓመት እንዲከለከል አዘዘ።

ወፉ ከሚራባባቸው ስፍራዎች አንዱ በኬፕ ታውን አቅራቢያ፣ በሳይመንስ ታውን ከተማ ያለው ቦልደርስ የሚባለው ዳርቻ ነው። ወፎቹ ወደዚያ መጥተው መራባት የጀመሩት በ1980ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ነው። ስፍራው ከመኖሪያ ቤቶች አጠገብ ስለ ሆነ በየዓመቱ እጅግ ብዙ ሕዝብ ሊያያቸው ይመጣል። ሰው የሚከፍለው የመግቢያ ገንዘብ ለጥበቃው ይረዳል። ሆኖም ወፉን ወድዶ የሚመጣው ሰው፣ ሥርዓቱን ካላወቀ፣ ሳያስበው ይጐዳዋል።

ጕዳቱም እንዲህ ነው። ፔንግዊን በአንድ ጊዜ ሁለት እንቍላል ይጥላል፤ ባልና ሚስት እየተፈራረቁ 40 ቀን ያህል ይታቀፉታል። ሰው እጅግ ሲቀርብ ወላጁ ደንግጦ ይነሣል፤ በዚያች ጥቂት ደቂቃ እንቍላሉን ፀሐይ ያቃጥለዋል፣ ወይም የባሕር ወፍ ይነጥቀዋል። ከመንገድ ወጥቶ የሚሄድም ሰው ከአሸዋው በታች ያለውን ጐጆ ከነጫጩቱ ይደረምሰዋል። ዳግመኛም ወፉ በዓመት አንድ ጊዜ ላባውን ይለውጣል። ላባው ተለውጦ እስኪያልቅ፣ ይኸውም ሦስት ሳምንት ያህል፣ ውሃ ስለሚያስገባ ወደ ባሕር መግባትና መመገብ አይችልም፤ በሰውነቱ ባከማቸው ስብ ብቻ ይኖራል። በዚህ ጊዜ የሚያሳድደው ሰው ቢኖር፣ ሊተካው የማይችለውን ኃይል በከንቱ ያስጨርሰዋል።

ስለዚህ ተመልካች ከእንጨት ከተሠራው መተላለፊያ አይወጣም። ወፉን አይነካም፣ አያባርርም፣ ምግብም አይሰጠውም። ወፉ አንገቱን ዘርግቶ ራሱን ወዲያና ወዲህ ቢያወዛውዝ ፈርቷልና ወደ ኋላ ይመለሳል፤ አፉ ስለት ስለ ሆነ ደፋሩን ሰው ያቈስለዋል። በባሕርና በጐጆ መካከል ቆሞ መንገዱን አይዘጋበትም፤ ለጫጩቱ ዓሣ ተሸክሞ የሚመለስ ሊሆን ይችላልና። ውሻውን ወደ መራቢያው አያስገባም። ፎቶግራፍም ቢያነሣ ብልጭ የሚል መብራት አያበራም። በሳይመንስ ታውን ባለመኪና ሳይነሣ አስቀድሞ ከመኪናው በታች እንዲመለከት በምልክት ይነገረዋል፤ ወፎቹ ከፀሐይ ሸሽተው በጥላው ይተኛሉና። የታመመ ወይም ዘይት የነካው ወፍ ያገኘም ሰው በገዛ እጁ ሳይዘው ለጠባቂዎች ያስታውቃል።

አስተማሪዎችና ሽማግሌዎች ይህን ለልጆች ሲያስረዱ፣ ነገሩ በሩቅ ባሕር ብቻ የሚቀር አለመሆኑን ቢጨምሩበት መልካም ነው። በስሜን ተራራ ዋልያን፣ በባሌም ቀይ ቀበሮን ለሚመለከት ሰው ሕጉ ያው ነው፦ ርቆ ማየት፣ በዝግታ መሄድ፣ አለመንካት። እንስሳው ሰው መኖሩን እያወቀ ሥራውን ካላቋረጠ፣ ያ ሰው በእውነት በሥርዓት ተመለከተ ይባላል። ሰው ያጠፋውን ሰው ሊጠብቀው እንደሚችልም የ2000 ዓመት ሥራ ምስክር ነው፤ የጠፋ ዘር ግን በገንዘብም በጸጸትም አይመለስም።