ሰማርያ ስትወድቅ ሕዝቧ የት ገባ?

ለመሆኑ አሥሩ የእስራኤል ነገዶች «ጠፉ» ሲባል ምን ማለት ነው? ነገ ክፍል ገብቶ ታሪክ የሚያስተምር እጩ መምህር ይህ ጥያቄ ሳይመጣበት አይቀርም። በእኛ በጎንደር ምድር ደግሞ «ቤተ እስራኤሎችስ ከእነሱ ናቸው ወይ?» የሚል ተማሪ ይነሣል። እንግዲህ መምህሩ የሚታወቀውን ከሚባለው ለይቶ መያዝ አለበት።

ከሰሎሞን በኋላ መንግሥቱ ለሁለት ተከፈለ፤ ሰሜኑ እስራኤል፣ ደቡቡ ይሁዳ ተባለ። የሰሜኑ ዋና ከተማ ሰማርያ ነበረች። ንጉሡ ሆሴዕ ለአሦር ይገብር ነበር፤ ኋላ ግን ግብሩን አቋርጦ ከግብፅ ጋር ተላላከ። አሦሮችም ሰማርያን ከበው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ722 ገደማ ያዟት።

ታዲያ ሕዝቡ በሙሉ ተነቅሎ ሄደ? አልሄደም። የአሦሩ ንጉሥ ሳርጎን ባስቀረጸው ጽሑፍ ማረክሁ የሚለው 27,290 ሰው ነው። ከቀረው ከፊሉ እዚያው ኖረ፣ ከፊሉ ወደ ይሁዳ ሸሸ። በተማረኩት ምትክ ከሌላ አገር ሕዝብ አምጥተው አሰፈሩ። ማፍለስ የአሦር የአገዛዝ ዘዴ ነበር፤ ለምን ቢሉ፣ ከአገሩ የተነቀለ ሕዝብ ለማመፅ ይቸገራል። ይሁዳም ኋላ በባቢሎን እጅ ወደቀች፤ ከምርኮኞቿ ግን ብዙዎች በፋርሱ ንጉሥ በቂሮስ ዘመንና ከዚያ በኋላ ተመለሱ። ሰሜኖቹ እንዲህ ያለ መመለስ ስላልነበራቸው «ጠፉ» ተባለ።

ስለ ቤተ እስራኤል ያለውም ሁለት ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. የእስራኤል ዋና ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ ከዳን ነገድ ናቸው ብለው ወሰኑ። ይሄ የሃይማኖት ውሳኔ ነው። ከታሪክ ተመራማሪዎች ብዙዎቹ ደግሞ ማኅበረሰቡ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ እንደተፈጠረ ይጽፋሉ።

አከራካሪ ያልሆነው የራሳቸው ውድቀት ነው። በሰሜን ተራሮች የራሳቸው መሪ ነበራቸው። ዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመቱባቸው፤ በ1620ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ የዐፄ ሱስንዮስ ጦር መሪያቸውን ጌዴዎንን ገደለ፣ ነፃነታቸውም አበቃ። ርስት ያጣ ሰው የሚቀረው እጁ ብቻ ነው። ስለዚህ ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ሸማኔ፣ በጎንደር ከተማም ግንበኛ ሆኑ። ማረሻውን ከእነሱ የገዛው ገበሬ ግን ዞሮ «ቡዳ» አላቸው። ብረት ማቅለጥ የሚያስከብር ሙያ መሆኑን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩት እዚሁ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ነው።

በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ በሁለት ቀን ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ተጓዙ። ሰዎቹ ሄዱ፤ ስድቡ ግን በቀጥቃጩና በሸክላ ሠሪዋ ልጅ ላይ ዛሬም ይሰማል። ስለ ሰማርያ የምናስተምር ሁሉ፣ ትምህርቱን ከዚያ ልጅ ዴስክ ድረስ እናድርሰው።